በጥልቅ ሐይቅ ላይ ከጀልባ ሽላየ የተባለውን ዓሣ ማጥመድ፦ ጀልባዬን የት ላቁም?

የጣና ዳር ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በርሊን ነው፤ ያደግሁት ግን ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። በልጅነቴ ከትምህርት ቤት መልስ ትል ቆፍሬ፣ በመንጠቆ ሰክቼ፣ ክሩን በእጄ ይዤ ቆሮሶና አምባዛ ሳጠምድ ስላደግሁ ሥራው ለእኔ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነብኝ ውኃው ነው። ጣና እንደዚያ ሰፊ ሆኖ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። አሁን የምሄድበት፣ ከበርሊን በስተሰሜን በብራንደንቡርግ ክልል የሚገኘው የሽቴኽሊን ሐይቅ ግን ስፋቱ 4 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ጥልቀቱ ወደ 70 ሜትር ይጠጋል።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ውስጥ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር በቀዘፋ ጀልባ ወጥተን ነበር። ትልቅ ዓሣ ጥልቅ ውስጥ ነው የሚኖረው ብዬ ስላሰብሁ እስከ ሐይቁ መካከል ቀዝፈን ክራችንን 20 ሜትር ያህል ወደ ታች ለቀቅን። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ስንጠብቅ አንድ ጊዜ እንኳ የነካን ነገር አልነበረም። መልሕቁንም ስንጥለው ገመዱ አለቀ እንጂ መሬት አልነካም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ነፋሱ እንዳሻው ሲወስደን ዋለ። ወደ ዳር ስንመለስ በሸምበቆው አጠገብ ጀልባውን ጸጥ አድርገው ያቆሙ አንድ አዛውንት አንድ ዓሣ ሲያወጡ አየን። ቆዳው አረንጓዴ ሆኖ ጎኑ ላይ ወርቅ የተነከረ ይመስላል፤ ቅርፊቱ ከመድቀቁ የተነሣ ያለ አይመስልም፤ ክንፎቹ ሁሉ ጫፋቸው ክብ ነው፤ ዓይኑ ደግሞ ትንሽና እንደ በርበሬ ፍሬ ቀይ ነው። ስሙን ብጠይቃቸው «ሽላየ» አሉኝ። እንግሊዞች ቴንች የሚሉት መሆኑን በኋላ አወቅሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ዓሣ በራሴ እጅ ለማጥመድ ያለኝ ምኞት አልለቀቀኝም። ዘንድሮ የ11 ዓመት ልጄን ይዤ ለመሄድ አስቤአለሁ። ስለዚህ ልምዱ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች እንድትመክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እንዲህ ባለ ጥልቅ ሐይቅ ላይ ጀልባውን የማቆመው ምን ያህል ጥልቀት ላይ ነው? መልሕቁንስ እንዴት ልጣል? መንጠቆው ላይ ምን ልስካ? የማጥመድ ፈተና ወስጄ ስለማላውቅስ ሕጉ ይፈቅድልኛል?


ቀዛፊው

ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቁ። እኔ በዚህ አገር ከሃያ ዓመት በላይ ስኖር አብዛኛውን የእረፍት ቀኔን ያሳለፍሁት በእነዚህ የሰሜን ሐይቆች ላይ ስለሆነ የማውቀውን ያህል ልንገርዎ።

ስለ ሕጉ አስቀድሜ ልናገር፤ ብዙ የአገራችን ሰዎች ይህን ሳያውቁ ወይ ፈርተው ይቀራሉ፣ ወይ ሳያስቡት ጥፋት ውስጥ ይገባሉ። በብራንደንቡርግ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ ሌላ ዓሣ አሳድደው የማይበሉትን፣ ጀርመኖች «ሰላማዊ ዓሦች» የሚሏቸውን ለማጥመድ የፈተና ምስክር ወረቀት አያስፈልግም። ሽላየ ከእነዚህ አንዱ ነው። የሚያስፈልገው የክልሉን የዓሣ ሀብት ክፍያ መክፈልና ለዚያ ሐይቅ የሚሸጠውን የማጥመጃ ካርድ መያዝ ነው። ነገር ግን መንጠቆዎ ላይ ትንሽ ዓሣ ወይም ዓሣ መሳይ ብረት ካሰሩ አዳኝ ዓሦችን እያጠመዱ ነው ማለት ስለሆነ ያ ያለ ፈተና አይፈቀድም። ካርዱን ሲቀበሉ ከጀርባው የተጻፈውን ሁሉ ያንብቡ፤ የተከለሉ ዳርቻዎች፣ የተፈቀደው ሰዓት፣ ሊያዝ የሚችለው ትንሹ መጠን እዚያ ላይ ይገኛል። ጀርመንኛው ከከበደዎት የሚሸጠውን ሰው ቃል በቃል ያስረዳዎት ዘንድ ይጠይቁ፤ በዚህ አያፍሩ። ወደ ሌላ ክልል በሄዱ ጊዜ ደግሞ ሕጉ ሌላ መሆኑን አይርሱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ያን ቀን ምንም ያላገኙት ዕድልዎ ስለጠመመ አይደለም፤ ዓሣው በሌለበት ስለፈለጉት ነው። ሐይቁ 70 ሜትር ቢጠልቅም የሽላየ ሐይቅ ግን ከዳር ያለችው ቀጭን መቀነት ብቻ ናት። ከሸምበቆው ጀምሮ ውኃው ቀስ እያለ ሲጠልቅ አንድ መደብ የመሰለ ለጥ ያለ ቦታ ይኖራል፤ ከዚያ መደብ በኋላ መሬቱ ድንገት እንደ ገደል ይወርዳል። ሽላየ የሚውለው በመደቡ ላይ፣ የውኃው ሣር በሚበቅልበትና ሣሩ አልቆ ገደሉ ሊጀምር በሚልበት አፋፍ ነው። በእኔ ልምድ ይህ ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 5 ሜትር ባለው ጥልቀት ውስጥ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው 60 ምናምን ሜትር ለእርስዎ እንደሌለ ይቁጠሩት።

አፋፉን ለማግኘት የኤሌክትሪክ መሣሪያ መግዛት ግድ አይደለም። እኔ እስከ ዛሬ የምጠቀመው 15 ሜትር የሲባጎ ገመድ ነው፤ ጫፉ ላይ እንቁላል የሚያህል እርሳስ ታስሮበታል፣ በየሜትሩ ቋጠሮ አለው፣ በየአምስት ሜትሩ ደግሞ ቀይ ክር ተጠምጥሞበታል። ጀልባውን ቀስ እያልሁ ከዳር ወደ መካከል እየቀዘፍሁ እርሳሱን አወርደዋለሁ። ሦስት ቋጠሮ፣ ሦስት ቋጠሮ፣ አራት ቋጠሮ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ዘጠኝ ሲሆን አፋፉን አልፌዋለሁ ማለት ነው። እርሳሱ ሲያርፍ የሚሰማዎትንም ያስተውሉ፤ ጠጠር ከሆነ ጠቅ ይላል፣ ደለል ከሆነ ግን እንደ ቡኮ ያዝ አድርጎ ይለቃል። ሽላየ ቀንድ አውጣና የትንኝ እጭ ከደለል ውስጥ እየፈነቀለ የሚበላ ስለሆነ የሚፈልጉት ያ ያዝ የሚያደርገው ነው። እርሳሱ ሲወጣ የሣር ቁራጭ ይዞ ከመጣ ይበልጥ ደስ ይበልዎት።

መልሕቅ አንድ አይበቃም፤ ሁለት ያስፈልጋል፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። በአንድ መልሕቅ የቆመ ጀልባ ነፋስ በነካው ቁጥር እንደታሰረ ፍየል ወዲያ ወዲህ ይዞራል፤ ጀልባው ሲዞር ክሩ ይጎተታል፣ ዓሣውም ይሸሻል። ሁለቱንም መልሕቆች በመደቡ ላይ ይጣሉ እንጂ በገደሉ በኩል አይጣሉ፤ ቁልቁለት ላይ ያረፈ መልሕቅ ይንሸራተታል። ደግሞም «ይጣሉ» አልሁ እንጂ መወርወር የለብዎትም፤ ገመዱን በእጅዎ ይዘው መሬት እስኪነካ ድረስ በዝግታ ያውርዱት። ጀልባው የብረት ከሆነ ወለሉ ላይ አሮጌ ምንጣፍ ያንጥፉ፤ አንድ የወደቀ መቀስ የሚያሰማው ድምፅ በ3 ሜትር ውኃ ውስጥ ላለ ዓሣ እንደ ደወል ነው። ሁሉን ካዘጋጁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ዝም ብለው ይቀመጡ። ይህን የሚያህል ጥቅም ያለው ምክር የለኝም፤ ልጅዎ ከእርስዎ ጋር ስለሚሆን ለእርሱም አስቀድመው ይንገሩት።

ስለ ክርና መንጠቆ ረጅም ነገር መናገር አያስፈልግም። ከ0.20 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክርና ቁጥር 10 መንጠቆ ይበቃል። በመንጠቆው ላይ የመሬት ትል ወይም ሁለት ፍሬ የቆርቆሮ በቆሎ ይስኩ፤ አንዳንድ ቀን አንዱን ንቆ ሌላውን ይወስዳል። ክሩ ላይ ታስሮ ውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ቡሽ ከውኃው ጥልቀት ጥቂት በሚበልጥ ርዝመት ያስተካክሉትና ትንሿ እርሳስ መሬት ላይ ትረፍ። ሽላየ ምግቡን ሲያነሣ እርሳሷም አብራ ስለምትነሣ ቡሹ እንደ ሌላው ዓሣ አይሰምጥም፤ ከፍ ብሎ ይወጣና በጎኑ ይተኛል። ያን ጊዜ ዘንጉን ያንሡ። ከዚያ በፊት ግን ቡሹ ለብዙ ደቂቃ ሲንቀጠቀጥ፣ ትንሽ ሲሄድና ሲቆም ሊያዩት ይችላሉ፤ ሽላየ ምግቡን ከንፈሩ ላይ አድርጎ የሚያጣጥም ዓሣ ነውና አይቸኩሉ።

ሰዓቱ ንጋት ነው። በሰኔ ወር እዚህ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ የተፈቀደው ሰዓት ካልከለከለዎት በዚያን ጊዜ ቦታዎ ላይ ደርሰው ይጠብቁ። ጀልባ የሚያከራዩ ሰዎች ደግሞ በዚያ ሰዓት ስለማይነሡ ከማታው ይነጋገሩ። ውኃው እንደ መስተዋት ጸጥ ባለበት ንጋት ከመደቡ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ትንንሽ አረፋዎች በብዛት ተሰብስበው ሲወጡ ካዩ ሽላየው ከሥር ደለሉን እየፈነቀለ ነው። ይህን ምልክት ካዩ መልሕቅ አያንሡ።


ውኃ አጥኚዋ

ከቀዛፊው ምክር ጋር እስማማለሁ። እኔ የተማርሁት የሐይቅ ሥነ ሕይወት ስለሆነ ሽላየ ለምን ከዳሩ መቀነት እንደማይወጣ ምክንያቱን ልጨምር።

በዚህ አገር ሞቃት ወራት ጥልቅ ሐይቅ አንድ ውኃ አይደለም፤ አንዱ በሌላው ላይ የተነጠፈ ሁለት ውኃ ነው ቢባል ይሻላል። ፀሐይ ያሞቀችው የላይኛው ክፍል ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፤ የታችኛው ከባድና ቀዝቃዛ ሆኖ ከሥር ይተኛል። በሁለቱ መካከል ሙቀቱ በጥቂት ሜትር ውስጥ ብዙ ዲግሪ የሚወርድበት ስስ እርከን አለ። ዋኝተው የሚያውቁ ሰዎች እግራቸውን ወደ ታች ሲዘረጉ ድንገት ብርድ የሚሰማቸው ለዚህ ነው። ባለፈው ዓመት 20 ሜትር ላይ ያወረዱት መንጠቆ የደረሰው በሐምሌም ቢሆን ከ4 እስከ 7 ዲግሪ በሆነ ጨለማ ውኃ ውስጥ ነው። ሽላየ ሙቀት የሚወድ ዓሣ ነው፤ እንቁላሉን የሚጥለው ውኃው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሲደርስ ወይም ሲያልፍ ነው፤ የብርዱን ወራት ደግሞ ደለል ውስጥ ደንዝዞ፣ ምግብ ሳይቀምስ ያሳልፋል ማለት ይቻላል። የኦክስጅን እጥረትን ከሌሎች ዓሦች አብልጦ ይችላል፤ ቅዝቃዜ ውስጥ ግን አይመገብም። በዚያ ጥልቀት የሚኖሩት ቅዝቃዜ የሚወዱና በውኃው መካከል የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳትን የሚበሉ ዓሦች ናቸው።

ለእርስዎ ደስ የሚል አንድ ነገር ልንገርዎ። ሽላየ ከጣናው ነጭ ዓሣና ከበሶ ጋር ሩቅ ዘመድ ነው፤ ዝዋይ ላይ ዱባ ከሚሉት ዓሣም ጋር እንዲሁ። አፉ ውስጥ ጣትዎን ቢያስገቡ ጥርስ አያገኙም፤ ጥርሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ጉሮሮው ላይ ነው፣ የቀንድ አውጣውን ቅርፊት የሚፈጨው በዚያ ነው። ከአፉ ግራና ቀኝም እንደ አምባዛ ረጅም ያልሆነች አንዳንድ አጭር ጢም አለችው። ወንዱንና ሴቷን ለመለየት ከሆድ በታች ያሉትን ሁለት ክንፎች ይመልከቱ፤ የወንዱ እንደ ማንኪያ ሰፋ ያለና የመጀመሪያው አጥንቱ የወፈረ ነው።

አሁን አንድ የምለምናችሁ ነገር አለኝ። ዓሣ ለመሳብ ዳቦና በቆሎ በባልዲ ወደ ውኃ የሚደፉ ሰዎችን አያለሁ። ሽቴኽሊን በጥራቱ የታወቀ ሐይቅ ነበር፤ ከ10 ሜትር በላይ ወደ ታች የሚታይበት ጊዜ ነበር፣ መደቡም በውኃ ውስጥ ሣር የተሸፈነ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1966 እስከ 1990 በአጠገቡ የራይንስበርግ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሲሠራ ሞቅ ያለ የማቀዝቀዣ ውኃ ወደ ሐይቁ ይለቀቅ ስለነበር ሐይቁ ከዚያ ዘመን ጀምሮ በቅርብ ሲጠና ኖሯል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በውኃው ውስጥ ያለው ፎስፈረስ በጣም ጨምሯል፣ ያ ሣርም እየሳሳ ሄዷል። ለዚህ የአጥማጆች ዳቦ ዋናው ምክንያት ነው አልልም፤ ነገር ግን የምንደፋው እህል ሁሉ ፎስፈረስ ይዞ እንደሚገባ ርግጥ ነው። ሣሩ ከጠፋ ሽላየውም አይኖርም። ሁለት እፍኝ በቆሎ ለአንድ ንጋት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የሚመጣው ሽላየ ሳይሆን የሌላ ዓሣ መንጋ ነው። ጀልባውንም ወደ ሸምበቆው ውስጥ አያስገቡት፤ ወፎች የሚፈለፍሉት እዚያ ነው፣ ሽላየም እንቁላሉን የሚያጣብቀው በውኃ ሣር ቅጠል ላይ ነው።


የባቦጋያ ጎረቤት

እኔ ሽላየ አጥምጄ አላውቅም፤ ስለዚህ በዚያ ነገር አልገባም። ያደግሁት ግን ቢሾፍቱ ነው፤ የባቦጋያ ሐይቅ 65 ሜትር ይጠልቃል፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ ከዚያም ይበልጣል። ከዳር ጥቂት እርምጃ ገብቶ መሬት የሚጠፋበት ውኃ ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅና ጠያቂው ልጃቸውን ይዘው ሊሄዱ ስላሰቡ ዝም ማለት አልቻልሁም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ጀርመን ውስጥ በአንድ ጥልቅ ሐይቅ ላይ ከአንድ ወዳጄ ጋር ነበርሁ። ወዳጄ መልሕቁን ቆሞ ወረወረው፤ ተጠቅልሎ ወለሉ ላይ የነበረው ገመድ ሲፈታ አንዱ ዙር ቁርጭምጭሚቱ ላይ ገባ። ውኃው ጥልቅ ስለነበር ገመዱ መሮጡን አላቆመም። ወንበሩን በሁለት እጁ ስለያዘና እኔ ገመዱን በቢላዋ ስለቆረጥሁት ብቻ ተረፈ። ገመዱ የነካው ቦታ ቆዳው ተገሽልጦ ለሳምንታት አልሻረም። ያን ዕለት ሁለታችንም የመንሳፈፊያ ጃኬታችንን አውልቀን ትራስ አድርገን ተቀምጠንበት ነበር።

ስለዚህ የልጁ ጃኬት በክብደቱ ልክ የተሠራ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ የዐዋቂ ጃኬት ለልጅ ውኃ ውስጥ በአንገቱ ሾልኮ ይወጣል። ገና ከዳር ሳትነሡ ይልበስ፣ ከዳር ሳትወርዱም አያውልቅ፤ እርስዎም እንዲሁ። የመልሕቁ ገመድ ባልዲ ውስጥ ይቀመጥ እንጂ እግር ሥር አይፍሰስ፤ ስለታም ቢላዋም እጅ በሚደርስበት ቦታ ይኑር። ጀልባ ላይ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አይቁም። ዓሣው ሲያዝ ልጅ በደስታ ብድግ ይላል፤ ይህን በየብስ ላይ ሳላችሁ ተቀምጦ መረብ መያዝን ቢያለማምዱት መልካም ነው። ግንቦት ላይ አየሩ ሞቅ ቢልም ውኃው ገና ብርዳም ነው፤ ዋና የሚችል ሰው እንኳ ድንገት ሲወድቅ ትንፋሹ ተቆርጦ ውኃ ይጠጣል።


ቀዛፊው

የባቦጋያው ወንድማችን የተናገሩት በጣም ትክክል ነው፤ እኔ መጀመሪያ ልናገረው ይገባኝ ነበር። ሌላም ያስቀረሁት ነገር አለ።

ጀርመን አገር በእንስሳት ጥበቃ ሕግ ምክንያት ዓሣ የሚጠመደው ለመብላት ነው፤ ለጨዋታ ይዞ ፎቶ ተነሥቶ መልቀቅን ሕጉ አይወደውም። መጠኑ ያልደረሰውን ግን ወዲያውኑ መልቀቅ ግዴታ ነው፤ ሲለቁትም እጅዎን ውኃ ውስጥ ነክረው ይያዙት፣ ደረቅ እጅ ልጋጉን ይገፈዋል። ይህ ልጋግ ዓሣውን ከበሽታ የሚጠብቀው ልብሱ ነው። በድሮ ዘመን አውሮፓውያን ሌሎች ዓሦች ሲታመሙ ሽላየን ተሻሽተው ይድናሉ ብለው ያምኑ ስለነበር የዓሦች ሐኪም ይሉት ነበር። የሚወስዱትን ዓሣ ደግሞ ጭንቅላቱን በዱላ መትተው አደንዝዘው ወዲያው ይረዱት፤ ጀልባው ወለል ላይ እየተንፈራገጠ እንዲሞት አይተዉት። ዱላውንና ቢላዋውን ሳይዙ አይውጡ።

በቤት ውስጥ ልጋጉን በደረቅ ጨው አሽተው ያጥቡት። ሥጋው ነጭ፣ ጠንከር ያለና ጣፋጭ ነው፤ ከጭቃማ ኩሬ የወጣ ሽላየ ደለል ደለል ቢልም ከጥልቅና ንጹሕ ሐይቅ የወጣው ይህ ነገር ብዙም አይሰማበትም። ችግሩ እንደ ሹካ የተሰነጠቁ ቀጫጭን አጥንቶቹ ናቸው። ባለቤቴ ሥጋውን አድቅቃ ከትፋ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ የዓሣ ዱለት ስትሠራው አጥንቱ አይገኝም፤ ለልጅ የሚሻለው ይህ ነው። ጥብስ ከወደዱ ሁለቱንም ጎኑን በየ3 ሚሊ ሜትሩ በቢላዋ ሸንትረው በጋለ ዘይት ይጥበሱት፤ ቀጫጭኖቹ አጥንቶች ተቆራርጠው በዘይቱ ስለሚጠበሱ ሲበሉት ብዙም አይታወቁም።


የጣና ዳር ልጅ

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምክራችሁን ወረቀት ላይ ጽፌ ይዤ ስለሄድሁ የሆነውን ልንገራችሁ።

ከልጄ ጋር ሰኔ መጀመሪያ ላይ ቅዳሜ ማታ ደርሰን አደርን። ጀልባውን ከማታው ተነጋግረን ስለነበር በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ውኃ ላይ ነበርን። እርሳሱን የሚያወርደው ልጄ ነበር፤ ቋጠሮውን በአማርኛ እንዲቈጥርልኝ ለመንሁት። «ሦስት፣ ሦስት፣ አራት፣ አራት» ሲል ቆየና በድንገት «አባዬ፣ አለቀ!» አለኝ። አፋፉ ላይ ደርሰን ነበር። ሁለት የጀልባ ርዝመት ወደ ኋላ ተመልሰን ሁለቱን መልሕቆች በእጃችን አወረድን። ከሸምበቆው 20 እርምጃ ያህል ርቀን፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር ተኩል ነበር። አንድ እፍኝ በቆሎ በትነን ዝም አልን።

አንድ ሰዓት ያህል ምንም አልነበረም። ከዚያ ከቡሹ በስተግራ አረፋዎቹ መጡ፤ ቀዛፊው እንዳሉት የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ፣ የተሰበሰቡ፣ የጠላ አረፋ የመሰሉ ነበሩ። ቡሹ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ልጄ ክንዴን በጣቶቹ ጭምቅ አድርጎ ይዞ ነበር፤ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ቡሹ ከፍ ብሎ በጎኑ ሲተኛ ዘንጉን አነሣሁ። ዓሣው በቀጥታ ወደ ሣሩ ገባ፤ ፈጣን አይደለም፣ ጉልበቱ ግን እንደ ሽማግሌ በሬ የማይመለስ ነው። ክሩን አጥብቄ ይዤ ብዙ ከቆየሁ በኋላ ወጣ። ልጄ ተቀምጦ መረቡን ከሥሩ አደረገለት። 41 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ የሆድ ክንፉን አይተን ወንድ መሆኑን አወቅን። ያን ዓይን በቅርብ ሲያየው ልጄ «ይህ ዓሣ አልቅሶ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዱለቱን ሠራን፤ አጥንት አላገኘንበትም።

አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ብቻዬን ወደዚያው ቦታ ተመለስሁ። ጥልቀቱ ያው፣ ሰዓቱ ያው፣ ምግቡ ያው ነበር፤ ለሦስት ቀናት ግን ከምዕራብ ጠንካራ ነፋስ ሲነፍስ ከርሞ ነበር፣ እኔም የቆምሁት በምዕራቡ ዳር ነው። አረፋ አላየሁም፣ አንድም ጊዜ አልተነካሁም። እጄን ውኃ ውስጥ ባስገባ ከፊተኛው ጊዜ ይልቅ ብርዳም መሰለኝ። ይህ ሊሆን ይችላል?


ውኃ አጥኚዋ

እንኳን ደስ ያለዎት። በሚገባ ይሆናል፤ እጅዎ አልዋሸዎትም። ነፋስ ለብዙ ቀን ከአንድ ወገን ሲነፍስ ከላይ የተነጠፈውን ሞቃት ውኃ እየገፋ ወደ ማዶው ዳር ይከምረዋል። ነፋሱ በሚነሣበት ዳር ያለው ሞቃት ውኃ ይሳሳል፣ ጎድሎ የቀረውን ቦታ ሊሞላ የታችኛው ቀዝቃዛ ውኃ በገደሉ በኩል ሽቅብ ይመጣል። በምዕራብ ነፋስ ጊዜ የምዕራቡ ዳር የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ቢሾፍቱ አካባቢ ባሉት ሐይቆችም በብርዳማው ወቅት ነፋሱና ቅዝቃዜው ኦክስጅን ያጣውን የታችኛውን ውኃ ሲያገላብጠው ዓሣ ሞቶ የሚንሳፈፍበት ጊዜ አለ፤ የባቦጋያው ወንድማችን ሳያዩት አይቀሩም። በሽቴኽሊን እንደዚያ ያለ ጉዳት ባይደርስም ሽላየው መብላቱን ለማቆም የጥቂት ዲግሪ ለውጥ ይበቃዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ነፋሱ ከምዕራብ ከሆነ በምሥራቁ ዳር ተመሳሳይ መደብ ይፈልጉ፤ ርካሽ የመታጠቢያ ገንዳ ቴርሞሜትርም በገመድዎ ጫፍ ከእርሳሱ ጋር ይሰሩና 3 ሜትር ላይ ሁለት ደቂቃ ያቆዩት። ከ16 ዲግሪ በታች ካሳየዎት መልሕቅ ሳይጥሉ ወደ ማዶ ይቅዘፉ።


ቀዛፊው

ሞገዱ ገና ካልበረደ ግን ወደ ምሥራቁ ዳር አይሻገሩ። ሐይቁን በመካከሉ አያቋርጡ፤ ረጅምም ቢሆን ዳር ዳሩን ይዙሩ። በሰኔ መጨረሻ እኔም እዚያው ስለምሆን ከፈለጉ በሁለት ጀልባ አብረን እንውጣ፤ ልጁንም ይዘውት ይምጡ፣ ቋጠሮ የሚቈጥርልኝ ሰው ያስፈልገኛል።